ስብሰባው ይሞላል፣ ሁሉም እሺ ይላል፣ ሥራው ግን የለም

ጥያቄው የመጣው በአንድ የዕርዳታ ድርጅት ውስጥ በማኅበረሰብ ግንኙነት ሥራ ላይ ካለች እህት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «ድርጅታችን በገጠር የሚኖሩ ድሃ ቤተሰቦችን ገቢ ለማሳደግ ይሠራል። የተሻሻለ ዘር እናቀርባለን፣ የቁጠባ ቡድን እናደራጃለን። ፖስተር ለጥፈናል፣ በራሪ ወረቀት በትነናል፣ በሬዲዮም አስነግረናል። ስብሰባ ስንጠራ ቦታው ይሞላል። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ እሺ ይላል። ከወራት በኋላ ተመልሰን ስናይ ግን ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው። አለቃዬ ‹መልእክቱን አጠናክሪው› ይለኛል። ለጋሹ የሚጠይቀን ስንት ሰው ጋ እንደደረስን ብቻ ነው። ችግሩ ምን ላይ ነው? ምንስ ላድርግ?»

እህቴ፣ እዚህ ላይ ከአለቃሽ ጋር አልስማማም። መልእክት የሚጠናከረው ሳይሰማ ሲቀር ነው። የእናንተው ተሰምቷል። ሰዉ መጥቷል፣ አዳምጧል፣ ብዙው ገብቶታልም። ያልደረሰው የእነሱ ቃል ነው። ቢደርስም ዕቅዳችሁ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ያለው አይመስለኝም። አንድ ድርጅት ከገጠር ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ለማወቅ እኔ ፖስተሩን አላይም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ባለፈው ዓመት አንድ የመንደር ሰው የተናገረው ነገር የትኛውን የበጀት መስመር አስቀየረ? ይህን ጥያቄ ይዘሽ ቢሮሽን አንድ ጊዜ ዙሪ። የምታገኚው መልስ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ያቀልልሻል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእሺው እንጀምር። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባል የለ? ዕርዳታ ይዞ ለመጣ ሰው እሺ ማለት ምንም አያስከፍልም። እምቢ ማለት ግን ሊያስከፍል ይችላል። ስሜ ከዝርዝሩ ቢወጣስ? ቀጣዩ ዙር ወደ ሌላ መንደር ቢሄድስ? ሰውየው ይህን ሁሉ አስልቶ ነው ራሱን የሚነቀንቀው። ይሉኝታውም አለ፤ ከሩቅ የመጣን እንግዳ ሰው መሀል መቃወም ደስ አይልም። ስለዚህ ስብሰባ ላይ የተሰበሰበን እሺ እንደ መረጃ አትቁጠሪው። ቃለ ጉባኤ ላይ «ማኅበረሰቡ ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳነብ እኔ መጠርጠር እጀምራለሁ። ሰዎች በእውነት የሚመለከታቸውን ጉዳይ ሲወያዩ ይከራከራሉ። ያልተከራከሩበት ጉዳይ ወይ አልመለከታቸውም፣ ወይ መናገሩን ፈርተውታል።

እምቢታው እንዲወጣ አጠያየቁ ይቀየር። «ይህን ዘር ትፈልጋላችሁ?» ካልሽ መልሱ ገና ሳትጠይቂ ታውቋል። «ከጎረቤቶቻችሁ መካከል ይህን ዘር የማይዘራው ምን ዓይነት ሰው ነው? ለምን?» ብለሽ ጠይቂ። ሰው ስለ ራሱ የማይናገረውን ስለ ጎረቤቱ ይናገራል። «ይህ ነገር ይበላሻል ብንል በየት በኩል ነው የሚበላሸው?» በይ። «ከእኛ በፊት የመጣው ድርጅት ሲሄድ ምን ቀረ?» የምትለዋ ጥያቄ ደግሞ ወርቅ ናት። ስለ ሌላ ሰው ስለሆነች ማንም አይፈራትም፤ የሚመጣው መልስ ግን ስለ እናንተም ነው። ሌላው ዘዴ የምር ምርጫ ማቅረብ ነው። በተመሳሳይ ወጪ ዘር ወይስ ዶሮ? ሥልጠና ወይስ ጥሬ ገንዘብ? ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ሲጥል የጣለበትን ምክንያት ይነግርሻል። ጠያቂውም ስም የሚመዘግበው ሠራተኛ ባይሆን ይመረጣል። ዝርዝር የያዘ እጅ እያለ እውነት አይወራም።

ስብሰባው ሞላ ማለት ደግሞ ድሃው መጣ ማለት አይደለም። ሠርቶ ለዕለት የሚበላ ሰው ግማሽ ቀን ስብሰባ ላይ ቢቀመጥ የዚያን ቀን ገቢውን ከፍሎ ነው። የታመመ የምታስታምም አትመጣም። ከመንደሩ ጫፍ የሚኖር አይሰማም። የሰው ከብት የሚጠብቅ ልጅማ ማን ጠርቶት! እንግሊዛዊው የልማት ምሁር ሮበርት ቼምበርስ ይህን ነገር በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብራርቶ ጽፎበታል። የከተማ ባለሙያ የሚያየው በአስፋልት ዳር ያለውን መንደር ነው። የሚሄደው መንገዱ ሳይጨቀይ በበጋ ነው። የሚያገኘው ወንዶችን፣ ሹሞችንና የተሻለ ኑሮ ያላቸውን ነው። ረሃብና በሽታ የሚበረታው ግን ብዙ ጊዜ በዝናቡ ወቅት ነው፤ ያኔ መኪናው አይገባም። እስቲ የድርጅትሽን የመስክ ጉዞ መዝገብ ከዚህ ጋር አስተያይው። በየትኛው ወር ሄዳችሁ? ከመንገዱ ምን ያህል ራቃችሁ?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። «ያልሠሩት ስላልገባቸው ነው» የሚለው እምነት በእኛ ሥራ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ድህነትን የዕውቀት ጉድለት ያደርገዋል። መድኃኒቱም ትምህርት ይሆናል፤ ትምህርቱ ካልሠራ ደግሞ ተጨማሪ ትምህርት። አባቶቻችን «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው ሳይሆን አይቀርም። በትንሽ መሬት ስድስት ሰባት ነፍስ የሚያስተዳድር ሰው በየቀኑ የሚሠራው ሒሳብ ቢሮ ውስጥ ካለው ኤክሴል ይከብዳል። አዲስ ነገር ሲቀርብለት የሚያስበው «ቢሳካ ስንት አተርፋለሁ?» ብቻ አይደለም። «ባይሳካ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» የሚለው ይቀድማል። ፖስተራችሁ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሷል። ሁለተኛው የለም።

ይህ የድሃ ጠባይ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ1943 ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ የተባሉ የገጠር ሶሲዮሎጂ ባለሙያዎች በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ስለ ድቅል በቆሎ ያሳተሙት ጥናት አለ። ዘሩ ምርትን 20 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። ካጠኗቸው 259 ገበሬዎች በ1941 ያልተቀበሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ግሩም ውጤት ነው። ነገር ግን ስለ ዘሩ ከሰሙበት ጊዜ አንስቶ ለመቀበል እስከወሰኑበት ድረስ በአማካይ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ወስዶባቸዋል። ብዙዎቹ መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ መሬት ሞከሩ። ከዚያ ዓመት በዓመት እያሰፉ ሄዱ። ወሬውን መጀመሪያ ያሰማቸው በአብዛኛው የዘር ኩባንያ ሻጭ ነው። ያሳመናቸው ግን ጎረቤታቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ከእናንተ ተጠቃሚዎች በብዙ የተሻለ ኑሮ የነበራቸው ናቸው። የእናንተ ፕሮጀክት ዕድሜው ስንት ነው? ሦስት ዓመት? እንግዲህ ሒሳቡን ሥሪው።

ስለዚህ «ዝሩ» ከማለት «በመሬታችሁ ጥግ ሞክሩት» ማለት ይሻላል። ዘሩ ዝናብ ቢያጥረው ምን እንደሚሆን ሳትደብቂ ተናገሪ። በየዓመቱ የሚገዛ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ንገሪያቸው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን እንደሚሸጥላቸውም ጭምር። ጉዳቱን አስቀድሞ የነገራቸውን ሰው ሁለተኛ ጊዜ ያምኑታል። ጥቅሙን ብቻ የነገራቸውን ግን አንድ መጥፎ ዓመት ያሳጣዋል። ከተቻለ ደግሞ ከቃል አልፋችሁ ኪሳራውን ተጋሩ። ሙከራው ካልያዘ የዘሩን ዋጋ ድርጅቱ ይመልሳል ብላችሁ ብትፈርሙ፣ ያ ወረቀት ከማንኛውም ፖስተር በላይ ይናገራል።

ጊዜም አለ። ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በምዕራብ ኬንያ ማዳበሪያ ላይ ባደረጉት ጥናት ገበሬዎቹ ጥቅሙን አያውቁም አላሉም። ገንዘብ በእጃቸው የሚገባው አዝመራው እንደተሰበሰበ ነው። ማዳበሪያ የሚያስፈልገው ደግሞ ከወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይወጣል። አጥኚዎቹ በአዝመራ ሰሞን ቤት ድረስ ሄደው «አሁን ክፈሉ፣ ማጓጓዣው በእኛ ነው» አሉ። ተጠቃሚው በግልጽ ጨመረ። አዲስ ዕውቀት አልተጨመረም፤ ያው ወሬ እጅ ላይ ብር ባለበት ሳምንት መጣ። የእናንተ ስብሰባዎች የሚጠሩት መቼ ነው? ብዙ ድርጅት የሚጠራው በጀት ሲለቀቅለት ወይም ሪፖርት ሲደርስበት ነው።

አንዳንዴም ነገሩ ከግንኙነት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ሰውየው «ገንዘብ የለኝም» ካለ ገንዘብ የለውም ማለት ነው። ይህን «የአመለካከት ችግር» ብሎ መመዝገብ፣ በእኔ ግምት፣ በሙያችን ውስጥ ካሉት ስንፍናዎች ሁሉ የከፋው ነው። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ የልማት ድርጅት በ2002 ለድሃ ድሃ ቤተሰቦች የጀመረው ፕሮግራም እንስሳ ወይም ሌላ የገቢ ምንጭ ይሰጣል፣ ለተወሰነ ጊዜ የመተዳደሪያ ገንዘብ ይጨምራል፣ ከዚያም ሠራተኛ በየጊዜው ቤት ድረስ እየሄደ ይከታተላል። በ2015 ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተደረገ ጥናት እንዲህ ያለው የተጣመረ ድጋፍ የቤተሰቦቹን ፍጆታና ሀብት እንዳሻሻለ አሳይቷል። ወሬው የሠራው ከላሟ ጋር ነው። ላም የሌለበት ወሬ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል።

ቀጥሎ ማን ይናገር የሚለው ነው። አሪኤል ቤንይሻይና ሙሽፊቅ ሞባራክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን በማላዊ ሦስት ዓይነት መልእክተኞችን አወዳድረው ነበር። አንደኛው የመንግሥት የግብርና ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው በመንደሩ የተከበረ ግንባር ቀደም ገበሬ ነው። ሦስተኛው ከብዙኃኑ የማይለይ ተራ ገበሬ ነው። ተራዎቹ ገበሬዎች ለጥረታቸው ትንሽ ማበረታቻ ሲሰጣቸው ከሁሉም የበለጠ አሳመኑ። ማበረታቻው ሲቀር ግን ብዙም አልሠሩም። ተራው ገበሬ የሚያሳምንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሀብታሙ ማሳ ላይ የሠራ ነገር በእኔ ማሳ ላይ ስለመሥራቱ ምን ማረጋገጫ አለኝ? እሱ በሬ አለው፣ ወንዝ ዳር ነው፣ ቢከስርም አይራብም። እኛ ግን ሁልጊዜ ሞዴል ብለን የምንመርጠው እሱን ነው። ፎቶ ላይ ያምራላ! ከዚያው ከማላዊ የወጣ ሌላ ውጤት ደግሞ ሴት መልእክተኞች ዕውቀቱን በሚገባ ይዘውት ሳለ የመንደሩ ሰው እንደ ወንዶቹ እንዳልሰማቸው ያሳያል። ሴት መርጦ ማሰልጠን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ሲናገሩ ሰሚ እንዲያገኙ ከጎናቸው መቆም ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ። ጉዳዩ ጤና እንጂ ገቢ አይደለም ትይኝ ይሆናል። ለእኔ ግን ከገጠር ሕዝብ ጋር በመነጋገር ሥራ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ያው ብራክ ከ1980 እስከ 1990 በባንግላዴሽ ቤት ለቤት ዘመቻ አካሄደ። ሕፃናት በተቅማጥ ፈሳሽ አልቆባቸው እንዳይሞቱ እናቶች የጨውና የስኳር ውህድ ቤት ውስጥ እንዲያዘጋጁ ማስተማር ነበር ዓላማው። አሥር ዓመት ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ተዳረሱ። ሴት ሠራተኞች በእግር እየሄዱ አንድ በአንድ። የሚማረው ነገር በጣም ትንሽ ነው። በሦስት ጣት የሚቆነጠር ጨው፣ አንድ ጭብጥ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ። ሚዛን የለም፣ ፓኬት የለም፣ የሚነበብ የለም። ሠራተኛዋ ሠርታ አታሳይም። እናትየዋ ራሷ በገዛ ጣቷ ቆንጥራ፣ በገዛ ዕቃዋ በጥብጣ ታሳያለች።

ብልሃቱ ግን የክፍያው አሠራር ላይ ነው። ሠራተኛዋ ከሄደች ከሳምንታት በኋላ ሌላ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ከተማሩት ቤቶች ጥቂቱን በዕጣ ይመርጣል። እናትየዋን ነጥቦቹን ይጠይቃታል፣ ውህዱን አዘጋጂልኝ ይላታል። የሠራተኛዋ ደመወዝ የሚወሰነው እናቶቹ በያዙት ልክ ነው። እስቲ ይህን ከእናንተ ሪፖርት ጋር አወዳድሪው። እናንተ የምትቆጥሩት የተናጋሪውን ሥራ ነው፤ እነሱ የቆጠሩት አድማጭዋ ጋ የቀረውን ነው። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛዋ ራሷ ትለወጣለች። አታነበንብም፣ አትቸኩልም። ያልገባት እናት ካለች ተመልሳ ትቀመጣለች።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እናቶቹ አውቀዋል፣ ልጅ ሲታመም ግን ብዙዎቹ አልተጠቀሙበትም። ልክ እንደ እናንተ! ድርጅቱ መልእክቱን አላጠናከረም። ለምን ብሎ ጠየቀ። መልሱ ያልተጠበቀ ነበር። ከራሳቸው ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ በውህዱ አያምኑም ነበር፤ ራሳቸው ሲታመሙ ክኒን ነው የሚውጡት። እናቶቹ ይህን ከፊታቸው አንብበዋል። ወንዶቹ ደግሞ ከነገሩ ውጭ ተደርገው ስለነበር ሚስቶቻቸውን አላበረታቱም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ውህዱ እንዴት እንደሚሠራ በምርምር ተቋም በዓይናቸው እንዲያዩ ተደረገ። ወንዶቹን በገበያና በመስጊድ የሚያነጋግሩ ወንድ ሠራተኞች ተመደቡ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መስመር የያዘው። እህቴ፣ የመስክ ሠራተኞቻችሁን ለብቻቸው ሰብስቢና ጠይቂልኝ። ይህን ዘር የገዛ ወላጆቻችሁ ማሳ ላይ ትዘሩታላችሁ? በእናንተ የቁጠባ ቡድን ውስጥ የራሳችሁን ገንዘብ ታስቀምጣላችሁ?

ስለ መገናኛው ዓይነት ብዙ አልልም፤ ሰው ከሚገባው በላይ የሚጨነቅበት ጉዳይ ነው። ሬዲዮ ጥሩ ነው። ለብቻው ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም። በካናዳ ከ1941 እስከ 1965 የገበሬዎች የሬዲዮ መድረክ ነበር። ጎረቤታሞች አንዱ ቤት ተሰብስበው ፕሮግራሙን ያዳምጣሉ፣ ይወያያሉ፣ የደረሱበትን ጽፈው ለአዘጋጆቹ ይልካሉ። የላኩት በሌላ ጊዜ በዚያው ሬዲዮ ይነገራል። በ1956 በዩኔስኮ ድጋፍ በህንድ ፑኔ አካባቢ ወደ 150 በሚጠጉ መንደሮች ተሞከረና እዚያም ሠራ። የእናንተ ማስታወቂያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሊተላለፍ ይችላል። ሬዲዮው ያለው ባልየው ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ያን ሰዓት ማሳ ላይ ነው። የአየር ሰዓቱን ግማሽ ቀንሳችሁ በቀሪው ገንዘብ አዳማጭ ቡድኖችን ብታቋቁሙ ይሻላል።

ስልክም ያው ነው፤ ቁጥሩ የማን ነው ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ቤት ውስጥ ስልኩ አንድ ነው፤ ለሚስት የተላከ የድምፅ መልእክት ባል ኪስ ውስጥ ይቀራል። ቪዲዮን በተመለከተ በ2006 በህንድ ባንጋሎር የተጀመረው ዲጂታል ግሪን የተባለ የገበሬዎች ቪዲዮ ሥራ ጥሩ ልምድ አለው። ተዋናዮቹ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ቪዲዮውን የሚያሳየው ሰው በየመሀሉ እያቆመ ተመልካቹን ያወያያል። ሰዉም መጀመሪያ የሚያየው ተናጋሪው እንደ እሱ ያለ ሰው መሆኑን ነው፤ አነጋገሩን፣ ልብሱን፣ ማሳውን። ፖስተር የግድ ካላችሁ ከማሳተማችሁ በፊት ለማያነቡ ሰዎች አሳዩና «ምን ይታያችኋል?» ብቻ በሉ። «ገባችሁ?» አትበሉ። ለእሱ መልሱ እሺ ነው።

ትምህርት ማስተላለፍ ካለባችሁ ደግሞ በተቻለ መጠን ዓይን ይመስክር። በ1989 በኢንዶኔዥያ የተጀመረው የገበሬዎች የማሳ ትምህርት ቤት ስለ ሩዝ ተባይ ንግግር አላበዛም። ገበሬዎቹ በየሳምንቱ ማሳ ገብተው ያዩትን በትልቅ ወረቀት ይሥላሉ። ሸረሪትንና ተባዩን አንድ ላይ በተሸፈነ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ማን ማንን እንደበላ ያያሉ። ተባዩን የምትበላላቸው ሸረሪት መድኃኒት ሲረጭ አብራ እንደምትሞት ለማስረዳት ከዚህ ወዲያ ምን ንግግር ያስፈልጋል?

እስካሁን ያወራነው እናንተ እንዲያውቁ ስለምትፈልጉት ነገር ነው። እነሱ ማወቅ የሚፈልጉትስ? ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ማን ተመረጠ? በምን መስፈርት? ምን ያህል ይሰጠኛል? መቼ? እስከ መቼ? ያልተሰጠኝ እንደሆነ ለማን እናገራለሁ? ይህ መረጃ ብቻውን ድህነት ላይ ይሠራል። በኢንዶኔዥያ ለድሆች በድጎማ ሩዝ የሚከፋፈልበት የመንግሥት ፕሮግራም ነበር፤ ድሆቹ ከሚገባቸው ድጎማ የሚደርሳቸው ሢሶው ያህል ብቻ ነበር። በ2012 በ572 መንደሮች በተደረገ ሙከራ በአንዳንዶቹ መንደሮች መብታቸውን የሚገልጽ ካርድ በፖስታ ተላከላቸው። የሚያገኙት ድጎማ 26 በመቶ ጨመረ። መረጃው በአደባባይ ሲለጠፍ ደግሞ ውጤቱ የበለጠ ሆነ፤ ሁሉም እንደሚያውቅ ሁሉም ስላወቀ። ሥልጠና አልተሰጠም፣ አመለካከት አልተለወጠም። ሰው የራሱን ድርሻ አወቀና ጠየቀ። የእናንተስ የተጠቃሚዎች ዝርዝርና መስፈርት በይፋ ይነበባል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ነው?

ቅሬታ ላይ ብዙ ድርጅት የሚያስበው ሳጥን ሰቅሎ መሄድ ነው። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን «ቅሬታ የለም» ተብሎ ይጻፋል። ማንበብና መጻፍ ከማይችል ሰው፣ በዚያ ላይ ሁሉ በሚያይበት ቦታ፣ ደብዳቤ ይጠበቃል? ድጋፍ በሚታደልበት ቀን ከማደያው ትንሽ ራቅ ብሎ በቃል የሚቀበል ሰው አስቀምጡ። ሴቶችን ሴት ትቀበል። ቅሬታ የሚሰማው ኮሚቴ ስም ዝርዝር ካወጣው ኮሚቴ የተለየ ይሁን፤ ይህን ብቻ ብታስተካክሉ ብዙ ነገር ይወጣል። በ2014 የወጣውና በ2024 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ሥራ መመዘኛ (Core Humanitarian Standard) ሰዎች መረጃ የማግኘት፣ በውሳኔ የመሳተፍና ቅሬታ የማቅረብ መብታቸውን ይዘረዝራል፤ ድርጅታችሁ ፈርሞበት ከሆነ አለቃሽን በዚያው መያዝ ትችያለሽ። እንዲሁም አንዲት ዓረፍተ ነገር በየስብሰባው ሳትሰለቹ ተናገሩ፦ «ድጋፉ ነፃ ነው። ማንም ሰው፣ የእኛም ሠራተኛ ቢሆን፣ ገንዘብም ሆነ ሌላ ውለታ ሊጠይቃችሁ አይችልም፤ ከጠየቀ እዚህ ንገሩን።» ሴቶችና ልጃገረዶች ምን እንደሚባሉ የምናውቅ እናውቃለን። ከሁሉም በላይ ግን መልስ ስጡ። መልሱ «አይቻልም» ቢሆንም እንኳ፣ ከነምክንያቱ፣ በተባለው ቀን። መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ወደ በጀቱ ጥያቄዬ ልመለስ። በ1967 በካናዳ ፎጎ ደሴት የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች መንደራቸውን ለቅቀው እንዲሰፍሩ ግፊት ነበረባቸው። ፊልም ሠሪው ኮሊን ሎው ሰዎቹን ስለ ኑሯቸው ሲናገሩ ቀረጻቸው። ፊልሙን መጀመሪያ ያዩት ራሳቸው ናቸው፤ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየዞረ። ተራርቀው የነበሩት መንደሮች ችግራቸው አንድ መሆኑን አዩ። ከዚያ ለባለሥልጣናት ታየ። ባለሥልጣናቱም በፊልም መልስ ሰጡ። ደሴቲቱ አልተለቀቀችም፤ ሰዎቹም የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። መልእክቱ የሄደው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ውሳኔውም አብሮ ተንቀሳቀሰ። በተቃራኒው በደቡባዊ አፍሪካ ልጆች እየተጫወቱ የሚያሽከረክሩት የውሃ ፓምፕ የደረሰበትን እይ። በ2006 በትልቅ ድምቀት በአራት ዓመት ውስጥ 4,000 ሊተከል ታቀደ። በአንዳንድ መንደር ሰዉ ሳይጠየቅ የሚሠራ የእጅ ፓምፕ ተነቅሎ እሱ ተተከለ። ልጆቹ ሲሰለቹ እናቶች ሲያሽከረክሩት ዋሉ። ዕቅዱም ሳይሞላ ቀረ። አንዲት ውሃ ቀጂ ሴት ቀድማ ብትጠየቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ገንዘብ ባልባከነ!

እንግዲህ ምን ታደርጊ? ለአለቃሽ ይህን ሁሉ በአንዴ አታቅርቢለት። አንድ ነገር ጠይቂው፤ የሚቀጥለው ዙር የፖስተር ማሳተሚያ ገንዘብ ለተመላሽ ጉብኝት ይዋል። በዕጣ የተመረጡ ቤቶች፣ መልእክቱን ባላስተማረ ሠራተኛ፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዞ፦ ምን ያስታውሳሉ? ምን አደረጉ፣ ካላደረጉስ ምን ከለከላቸው? የከለከላቸውን በራሳቸው አፍ እንዳሉት ጻፉት፤ «የግንዛቤ ማነስ» ብላችሁ አትተርጉሙት። ያንን ወረቀት ዕቅድ የሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ አስገቢው። ሥራ አስኪያጁም ለእያንዳንዱ ከልካይ ምክንያት «ይቀየራል» ወይም «አይቀየርም፣ ምክንያቱም» ብሎ ይፈርምበት። የተፈረመው ተመልሶ መንደሩ ላይ ይነበብ።

ለጋሹን በተመለከተ፣ «ስንት ሰው ጋ ደረሳችሁ» የሚለውን ሣጥን መሙላት አለብሽ፣ ሙይው። ከሥሩ ግን ሁለት መስመር ጨምሪ፦ ከደረስናቸው ስንቱ ያስታውሳል፣ ስንቱ አደረገ። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ከምክንያቶቹ ዝርዝርና ከቀየራችሁት ጋር አብሮ ሲቀርብ ግን ብዙ ለጋሾች እንደ ጥንካሬ ነው የሚያዩት፤ የሚጠራጠር ቢኖር እንኳ ጥያቄው ወደ ገበሬው ሳይሆን ወደ ዕቅዱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ፕሮፖዛል ላይ ደግሞ ከበጀቱ የተወሰነውን ሳትመድቡ ተዉት። ስሙን «ከማኅበረሰቡ አስተያየት በኋላ የሚወሰን» በሉት። ለጋሹ ከፈቀደ በመጀመሪያው ወቅት መጨረሻ ምን ላይ እንደሚውል መንደሩ ይንገራችሁ። ካልፈቀደ ከመደበኛው በጀት ትንሽም ብትሆን አንድ መስመር ለዚሁ እንዲለቀቅልሽ አለቃሽን ጠይቂው።